የስፖርት መኪናን ሰስፔንሽን ለአዲስ አበባ መንገድ ማሻሻል፦ ከመለካት እስከ አላይመንት

የስፖርት መኪናውን ሰስፔንሽን፣ ማለትም መኪናውን የሚሸከሙትን ሞላና ሾክ እንዲሁም ጎማውን ከመኪናው አካል ጋር የሚያያይዙትን ክንዶች፣ ለመቀየር የሚያስብ ሰው ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቀው መኪናው ስንት ሴንቲ ሜትር ዝቅ እንደሚል ነው። እኔ ይህን መመሪያ የምጽፈው ሌላ ጥያቄ ይዤ ነው፦ መኪናው ዝቅ ካለ በኋላ ጎማው ወደ ላይ የሚወጣበት ስንት ሚሊ ሜትር ይቀረዋል? በአራት ኪሎ አዲስ አስፋልት ላይ ሲንሸራተት የነበረ መኪና ወደ ውስጥ በታጠፈ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ኮብልስቶን ላይ፣ ከዚያም ቀለሙ የጠፋ ብሬከር ላይ ይደርሳል፤ በዚያች ቅጽበት የሚያድነው ይህ ቀሪ ጉዞ ብቻ ነው።

ለምሳሌ የምወስደው ቢ ኤም ደብሊው ኤም3 ኢ46 ነው። እ.ኤ.አ. ከ2000 እስከ 2006 የተመረተ፣ 3.2 ሊትር ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተርና 343 የፈረስ ጉልበት ያለው፣ 1500 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝን መኪና ነው። የመረጥሁት ፊቱና ኋላው በሁለት የተለያዩ ዘዴዎች የተሠሩ በመሆናቸው፣ አንዱን የተረዳ ሌላውን መኪና ለመረዳት ስለማይቸገር ነው። ከፊት ሞላው ሾክ አብዞርበሩን ከብቦ አንድ ላይ ይቆማል፤ ከኋላ ግን ሞላው ከጎማው ገባ ብሎ በክንዱ ላይ ለብቻው ሲቀመጥ፣ ሾኩ ሌላ ቦታ ላይ ይታሰራል።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ እንዲህ ያለ መኪና ሻንሲው ቢጎዳ ሌላ መተካት ቀላል አይደለም። ስለዚህ ከዚህ በታች የማቀርበው ሥራ፣ ከአንዲት የብየዳ ሥራ በስተቀር፣ ሁሉም ተፈትቶ ወደ ቀድሞው ሊመለስ የሚችል ነው።

ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት የሚታይ

አዲስ ሾክ የተበላሸ ጎሚኒን፣ ማለትም በክንዱ መጋጠሚያ ያለውን ላስቲክ፣ አይሸፍንም፤ እንዲያውም ያጋልጠዋል። መኪናውን በክሪክ አንስተው በብረት ማቆሚያ ላይ ካሳረፉ በኋላ በእያንዳንዱ ክንድ መጋጠሚያ ረጅም ካቻቢቴ አስገብተው ቀስ ብለው ይጫኑ። ላስቲኩ የተሰነጠቀ፣ ከብረቱ የተላቀቀ ወይም ያለ ተቃውሞ የሚንቀሳቀስ ከሆነ መጀመሪያ እርሱ ይቀየር። በዚህ መኪና ላይ በተለይ የኋላውን ረጅም ክንድ ከፊት በኩል የሚይዘው ጎሚኒ ቶሎ የሚደክም ስለሆነ፣ ምንም እንኳ በዓይን ደህና ቢመስል በዚሁ አጋጣሚ መቀየሩን እመክራለሁ።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የኋላው ወለል ነው። የኢ46 ባለቤቶች በዓለም ዙሪያ የሚያውቁት አንድ ድክመት አለ፤ የኋላውን የሰስፔንሽን ድጋፍ ብረት የሚሸከመው የወለል ቆርቆሮ በቡሎኖቹ ዙሪያ ይሰነጠቃል። ጠንካራ ሞላ ይህን ያፋጥነዋል። በቡሎኖቹ ዙሪያ ያለውን ጭቃና ቅባት በብሩሽ አጽድተው፣ ጠንካራ ባትሪ አብርተው፣ እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር ካለ ይፈልጉ። ከተገኘ ሞላና ሾክ የመግዛት ሐሳብ ይቆይ፤ ገንዘቡ ለቆርቆሮው ማጠናከሪያ ብየዳ ይዋል። ቀደም ሲል የጠቀስኋት ብየዳ ይህች ናት።

ልኬት፣ ሳይቸኩሉ

ወለሉ ልክ ካልሆነ የሚወሰደው ልኬት ሁሉ ውሸት ነው፤ በአዲስ አበባ ደግሞ ከተማው ራሱ ተዳፋት ላይ ስለተቀመጠ ዓይን በቀላሉ ይታለላል። የጋራዡ ወለል ልክ መሆኑን ለማወቅ ግንበኞች የሚጠቀሙበት ውሃ የተሞላ ግልጽ የላስቲክ ቱቦ ከማንኛውም ውድ መሣሪያ አያንስም። አራቱ ጎማዎች የሚያርፉበትን ቦታ ምልክት አድርገው፣ በቱቦው ሁለት ጫፎች ያለውን የውሃ ከፍታ ከነጥብ ወደ ነጥብ ያነጻጽሩ። ዝቅ ባለው ነጥብ ላይ ልዩነቱን የሚሞላ ጣውላ ወይም ላሜራ ማስቀመጥ ይበቃል።

የጎማ አየር በአምራቹ ልክ፣ ነዳጅ ግማሽ ጋን፣ በአሽከርካሪው መቀመጫ ላይ የአሽከርካሪውን ክብደት የሚተካ ሸክም ይደረግ። እኔ በፕላስቲክ በደንብ የተጠቀለለ ባለ 50 ኪሎ የሲሚንቶ ከረጢትና ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ እጠቀማለሁ፤ አንድ ላይ 70 ኪሎ ይሆናሉ፣ እንደ ረዳት መካኒክ ደግሞ ሻይ ልጠጣ ብለው አይወርዱም። ከዚያ ከእያንዳንዱ ጎማ መሃል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ያለውን ቁመት በሚሊ ሜትር ይመዝግቡ። ከመሬት እስከ ፓራፋንጎ መለካት አይመከርም፤ የጎማው መበላትና የአየር መጠኑ ውጤቱን ስለሚያዛቡት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልኬት እንምጣ። የሾኩን የአቧራ መሸፈኛ ገልጠው፣ በሚያብረቀርቀው ዘንግ ላይ ቀጭን የፕላስቲክ ማሰሪያ ጠበቅ አድርገው ይሰሩና ሾኩ አካል እስኪነካ ድረስ ይግፉት። መኪናው በአራት ጎማው ቆሞ ሳለ ከሾኩ አካል እስከ ማረፊያ ጎማው፣ ማለትም ሾኩ ሙሉ በሙሉ ሲጨመቅ እስከሚመታው ላስቲክ ድረስ፣ ያለውን ርቀት ይለኩ። ከዚያ በየቀኑ የሚሄዱበትን መንገድ፣ ኮብልስቶኑንም ብሬከሩንም ጨምረው፣ እንደ ልማድዎ ይንዱ። ሲመለሱ ማሰሪያው የተገፋበት ርቀት መንገዱ የሚጠይቀው ጉዞ ነው። እንበልና ቆሞ ሳለ የነበረው ክፍተት 60 ሚሊ ሜትር፣ ማሰሪያው የተገፋው 45 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ መኪናውን በ30 ሚሊ ሜትር ዝቅ ያደረገ ሰው 45 ለሚጠይቅ መንገድ 30 ብቻ ይዞ ይወጣል። ጠንካራ ሞላ ከዚህ ጉድለት የተወሰነውን ይሸፍናል፤ ሁሉንም ግን አይደለም። የማረፊያ ጎማው ራሱ እንደ ረዳት ሞላ እንዲያገለግል የተሠራ ስለሆነ አልፎ አልፎ ቢነካ ጉዳት የለውም፤ በየብሬከሩ ጠቅልሎ የሚመታ ከሆነ ግን ኃይሉ በቀጥታ ወደ ሾኩ የላይ መያዣና ወደ ቆርቆሮው ይሄዳል።

ሞላ የመምረጥ ስሌት

ሻጭ የሚነግርዎት የሞላ ጥንካሬ ጎማው ከሚሰማው ጋር አንድ አይደለም። ጎማው 30 ሚሊ ሜትር ሲነሳ ሞላው 20 ሚሊ ሜትር ብቻ ከተጨመቀ፣ የእንቅስቃሴው ምጣኔ 0.66 ገደማ ነው፤ በጎማው ላይ የሚሠራው ጥንካሬ ደግሞ የሞላው ጥንካሬ በዚህ ምጣኔ ሁለት ጊዜ ተባዝቶ የሚገኘው ነው። ምጣኔውን ከሰው ከመስማት ራስዎ ይለኩት፤ ሞላው በወጣበት ጊዜ ክንዱን በክሪክ 30 ሚሊ ሜትር ያንሱና የሞላው ማረፊያዎች ምን ያህል እንደተቀራረቡ ይዩ። በእኛ ምሳሌ መኪና ላይ ከፊት ወደ 0.96፣ ከኋላ ወደ 0.66 የሚጠጋ ቁጥር ይገኛል ብለን እንቀጥል።

ቀጥሎ የሚያስፈልገው መኪናው በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚወዛወዝ ነው። በጎማው ላይ ያለውን ጥንካሬ በኒውተን በሜትር አድርገው በዚያ ጎማ ላይ ላረፈው ክብደት ያካፍሉ፣ የውጤቱን ስኩዌር ሩት ያውጡ፣ ከዚያም ለ6.28 ያካፍሉ፤ የሚገኘው በኸርዝ ነው። ክብደት ሲባል ሞላው የሚሸከመው ብቻ ነው፤ ጎማ፣ ቸርኬና ፍሬን አይቆጠሩም። በዚህ መኪና በአንድ ጎማ በኩል 340 ኪሎ ግራም ብንወስድ፣ ከፊት 80 ኒውተን በሚሊ ሜትር የሆነ ሞላ 2.3 ኸርዝ ይሰጣል። ይህ የውድድር ሜዳ ቁጥር ነው፤ ምቹ የቤተሰብ መኪና ከ1 እስከ 1.5 ኸርዝ ውስጥ ይገኛል። ለማዕከላዊ አዲስ አበባ ከፊት 1.7 ኸርዝ እመርጣለሁ፤ ወደ ኋላ ተመልሰን ስናሰላው 42 ኒውተን በሚሊ ሜትር የሚጠጋ ሞላ ማለት ነው።

ከኋላ ትንሽ ከፍ አድርገን 1.8 ኸርዝ ብንፈልግ 100 ኒውተን በሚሊ ሜትር የሚሆን ሞላ ያስፈልጋል። ከፊት 42 ከኋላ 100 የሚለውን ሲያይ ሻጩ የተሳሳተ የሚመስለው ሰው አይጠፋም፤ ልዩነቱ የመጣው ግን ከዚያ ካየነው የ0.66 ምጣኔ ነው። ኋላው ከፊቱ በትንሹ ፈጠን ብሎ እንዲወዛወዝ የሚደረግበት ምክንያት ሞሪስ ኦሊ የተባለው መሐንዲስ በ1930ዎቹ ጄኔራል ሞተርስ ውስጥ ካብራራው ጀምሮ የታወቀ ነው። ብሬከሩን መጀመሪያ የሚመታው ፊቱ ነው፤ በ40 ኪሎ ሜትር በሰዓት 2.73 ሜትር የጎማ ርቀት ያለው መኪና ኋላው የሚደርሰው ከሩብ ሰከንድ በኋላ ነው። ዘግይቶ የጀመረው ኋላ ፈጠን ካለ ፊቱ ላይ ይደርስበትና መኪናው እንደ ታንኳ ከፊት ወደ ኋላ መናጡን ያቆማል።

የጃፓን አምራቾች የሞላ ጥንካሬን በኪሎ ግራም በሚሊ ሜትር ስለሚጽፉ በ9.81 ማባዛት፣ የአሜሪካኖቹን ፓውንድ በኢንች ደግሞ በ0.175 ማባዛት እንዳይረሳ።

ሾኩ ለተመረጠው ሞላ የተሠራ መሆን አለበት፤ ለስላሳ ሾክ ላይ ጠንካራ ሞላ ማስቀመጥ መኪናውን ያንዘፈዝፈዋል። መርካቶ ሱማሌ ተራ ውስጥ ለክንድ፣ ለቡሎንና ለመያዣ ብረት ጥሩ ዕቃ ሊገኝ ይችላል፤ ያገለገለ ሾክ ግን ዘይት ባያንጠባጥብም እንኳ አይግዙ፤ ውስጡ ምን ያህል እንደደከመ በእጅ ተጭኖ ማወቅ አይቻልምና። ሞላን በግራይንደር ማስቆረጥን በተመለከተ ከራሴ የደረሰውን ብቻ ልናገር። ከዓመታት በፊት አንድ ጋራዥ የቀድሞ መኪናዬን ሞላ አንድ ዙር ተኩል ቆርጦልኝ፣ መኪናው አንድ ጎማ አንስቶ ጉድጓድ ባለፈ ቁጥር ሞላው ከማረፊያው እየወጣ ተጣሞ ይመለስ ነበር። የተቆረጠ ሞላ ይጠነክራል፣ ያጥራል፣ ጫፉም መቀመጫውን አያውቅም፤ ሦስቱም ጉዳቶች በአንድ ላይ ይመጣሉ።

መፍታትና መግጠም

የጎማ ቡሎኖችን መኪናው መሬት ላይ ሳለ ያላሉ፣ ከዚያ ያንሱ፣ በማቆሚያ ብረት ያሳርፉ። በክሪክ ብቻ በተያዘ መኪና ሥር አይግቡ። ከፊት በመጀመሪያ የፍሬን ቱቦውንና የኤቢኤስ ሽቦውን ከሾኩ መያዣ ያላቁ፣ የስታቢላይዘሩን (መኪናው በኩርባ ላይ እንዳያጋድል የሚይዘውን ዘንግ) ማያያዣ ይፍቱ፤ መኪናው ዜኖን መብራት ካለው የከፍታ ጠቋሚውን ዘንግም ይንቀሉ። የፍሬን ካሊፐሩ በቱቦው እንዲንጠለጠል ፈጽሞ አይተዉ፤ በሽቦ ከፍ አድርገው ይሰሩት። ሾኩን ከጎማ ተሸካሚው ብረት ጋር የሚያጣብቀውን ቡሎን ካላሉ በኋላ፣ በኮፋኖው ሥር ያሉት ሦስቱ ዳዶዎች በመጨረሻ ይፈታሉ፤ በዚህ ጊዜ አንድ ሰው ከታች መደገፍ አለበት።

የድሮውን ሞላ ከሾኩ ላይ ለማውጣት የሞላ መጭመቂያ ያስፈልጋል፤ በዚህ ሥራ ውስጥ ሰው ሊገድል የሚችለው ነገርም ይህ ነው። ሁለቱን መጭመቂያዎች ትይዩ አድርገው፣ አንዱን ጥቂት ዙር ሌላውን ያንኑ ያህል እያፈራረቁ ያጥብቁ፤ ሞላው ከላይኛው መቀመጫ ላይ ልቅ ብሎ በእጅ መሽከርከር እስኪችል ድረስ የመሃሉን ዳዶ አይንኩ። ፊትዎም ሆነ የማንም ሰው ፊት በሞላው ጫፍ ትይዩ አይሁን። የተፈቱ ዳዶዎች ራሳቸውን የሚቆልፉ ዓይነት ከሆኑ አይመለሱም፤ በአዲስ ይተኩ።

ኋላው ፈጣን ነው። የሻንጣ ክፍሉን ጨርቅ ገልጠው የሾኩን ሁለት የላይ ዳዶዎች፣ ከታች ደግሞ አንዱን ቡሎን ይፍቱ፤ ክንዱ ቀስ ብሎ ሲወርድ ሞላው በእጅ ይወጣል። የላይኛውን የሾክ መያዣ በአዲስና በተጠናከረ ይተኩ፣ የሞላውን የላስቲክ ማረፊያዎች ቦታቸውን ጠብቀው ይመልሱ።

ከዚህ በኋላ ብዙ ጋራዦች የሚስቱት ነገር አለ። የክንዶቹ ጎሚኒዎች ላስቲካቸው ከውስጥና ከውጭ ቱቦዎች ጋር የተጣበቀ በመሆኑ አይሽከረከሩም፤ ይጠመዘዛሉ። መኪናው በአየር ላይ ተንጠልጥሎ፣ ክንዱ ወደ ታች ወርዶ ሳለ ቡሎኑ ከጠበቀ፣ መኪናው መሬት በነካ ቅጽበት ላስቲኩ ተጠምዝዞ ይቆማል፤ ቀን ከሌት እንደተጠማዘዘ ይኖርና በጥቂት ወራት ይቀደዳል። በተጨማሪም የተጠመዘዘው ላስቲክ እንደ ትርፍ ሞላ መኪናውን ወደ ላይ ስለሚገፋው የቁመት ልኬቱን ያዛባል። ስለዚህ ቡሎኖቹን ሁሉ በእጅ ብቻ ይግጠሙ፤ ክንዱን በክሪክ አንስተው ከጎማው መሃል እስከ ፓራፋንጎ ያለው ርቀት የሚፈልጉት ቁመት ላይ ሲደርስ፣ ያን ጊዜ በቶርክ መፍቻ በአምራቹ ልክ ያጥብቁ። ለጎማ ቡሎኖቹ በዚህ መኪና 120 ኒውተን ሜትር ይበቃል፤ በረጅም ቧንቧ ላይ ቆሞ መዝለል አያስፈልግም።

ስንት ዝቅ ይበል?

ከመጀመሪያው ቁመት 15 ሚሊ ሜትር፤ ከ20 አይለፍ። ከፓራውልትና ከብሬከር ጉዳይ ሌላ ምክንያትም አለው። ከፊት መኪናው ዝቅ ባለ ቁጥር የታችኛው ክንድ ወደ ጎማው በኩል ሽቅብ ያዘነብላል፤ በዚህም መኪናው በኩርባ ላይ የሚያጋድልበት ማዕከል ከክብደቱ ማዕከል በበለጠ ፍጥነት ወደ ታች ይወርዳል። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ስለሚረዝም፣ በጣም ዝቅ ያለ መኪና በያንዳንዱ ኩርባ ይበልጥ ማጋደል ይፈልጋል፤ ባለቤቱም ይህን ለማካካስ ሌላ ጠንካራ ሞላ ሲገዛ ይገኛል። መሪውን የሚገፋው ዘንግም አንግሉ ስለሚለወጥ፣ ጎማው ጉብታ በመታ ቁጥር መሪው ሳይነካ በራሱ ይታጠፋል።

አላይመንት

ሞላዎቹ እንዲቀመጡ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ይንዱና፣ የሲሚንቶውን ከረጢትና ጀሪካኑን ይዘው አራቱንም ጎማ ወደሚለካ አላይመንት (የጎማ አቅጣጫና ዝንባሌ ማስተካከያ) ቤት ይሂዱ። ፊትን ብቻ የሚለካ ቤት ለዚህ መኪና አይጠቅምም፤ ኋላው ከመስመር ከወጣ ፊቱ ቢስተካከልም መሪው ጠሞ ይቆማል። ከፊት ካምበር፣ ማለትም የጎማው የላይ ጫፍ የሚያዘነብልበት መጠን፣ ከ1.5 እስከ 2 ዲግሪ ወደ ውስጥ፣ ከኋላም እንዲሁ 1.8 አካባቢ ይሁን። ከዚህ በላይ ካምበር ለውድድር ሜዳ ጥቅም ቢኖረውም፣ በከተማ ውስጥ ቀጥ ብሎ የሚነዳ መኪና የጎማውን የውስጥ ጠርዝ በልቶ ይጨርሰዋል። የፊቱ ቶ (የጎማዎቹ የፊት ጫፍ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ የሚዞርበት መጠን) ዜሮ ወይም እጅግ ትንሽ ወደ ውስጥ፣ የኋላው ግን ያለ ጥርጥር ወደ ውስጥ ይሁን፤ ሐምሌና ነሐሴ ላይ በእርጥብ አስፋልት ይህ ብዙ ይረዳል። ከሥራው በፊትና በኋላ ያለው ውጤት ታትሞ እንዲሰጥዎት ይጠይቁ። መሪው ከተስተካከለ በኋላ የመሪ አንግል ጠቋሚው በኮምፒውተር ዜሮ ካልተደረገ የመረጋጊያው ሥርዓት መብራት ሊበራ ይችላል።

ፈተናና ማስተካከያ

የሚስተካከል ሾክ ከሆነ ቁልፉን መጀመሪያ በሰዓት አቅጣጫ እስከ መጨረሻው ይዝጉና ወደ ኋላ እየቆጠሩ መሃል ላይ ያቁሙት፤ ግራና ቀኙ እኩል መሆን አለባቸው። ከዚያ የማይለወጥ የመፈተኛ መስመር ይምረጡ። የእኔ መስመር እሑድ ማለዳ፣ መንገዱ ለሩጫ ካልተዘጋ፣ ከማዘጋጃ ቤት በቸርችል ጎዳና ወደ ለገሃር የሚወርደው፣ ከዚያ በመስቀል አደባባይ ወደ ቦሌ መንገድ የሚሄደው፣ ሲመለስ ደግሞ በአንድ ባለ ኮብልስቶን ሠፈር የሚያልፈው ነው። በቁልቁለቱ ፍሬን ሲይዙ አፍንጫው በአንድ ጊዜ ወድቆ የሚመለስ ከሆነ ከፊት አንድ ክሊክ ይጨምሩ። ኮብልስቶን ላይ ጎማው እየዘለለ ከመሬት የሚላቀቅ ከሆነ ይቀንሱ። ከብሬከር በኋላ መኪናው ከአንድ ጊዜ በላይ ከተወዛወዘ መመለሱን የሚያረግበው ክፍል ደክሟል ወይም ልል ነው። በአንድ ጉዞ አንድ ነገር ብቻ ይለውጡ፣ የለወጡትንም ደብተር ላይ ይጻፉ፤ ሦስት ነገር በአንድ ቀን የነካ ሰው የትኛው እንደሠራ አያውቅም።

የጎማ አየር እዚሁ 2300 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ጎማው ቀዝቅዞ ሳለ ይለካ። በፈጣኑ መንገድ ወደ አዳማ ሲወርዱ ከፍታው በመቀነሱ ብቻ መለኪያው አንድ ፒ ኤስ አይ ያህል ዝቅ ብሎ ሊያሳይ ይችላል፤ ሙቀቱ ደግሞ በተቃራኒው ስለሚጨምረው እዚያ ደርሶ ለመሙላት መቸኮል አያስፈልግም።

ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በኋላ ሁሉንም ቡሎኖች በቶርክ መፍቻ እንደገና ይፈትሹ፣ በልክ ወለሉ ላይ ቁመቱን ዳግም ይለኩ፣ የፕላስቲክ ማሰሪያውንም ወደ ቦታው መልሰው ያንኑ የየዕለት መንገድ ይንዱ። ማሰሪያው የማረፊያ ጎማውን በኃይል የመታ ከሆነ መኪናውን 5 ሚሊ ሜትር ከፍ ያድርጉት። የፊት መብራቱ አቅጣጫም ከቁመቱ ጋር ስለተለወጠ በግድግዳ ላይ ያስተካክሉት። የተፈቱትን የፋብሪካ ሞላዎችና መያዣዎች ዘይት ቀብተው፣ ግራና ቀኝ ብለው ጽፈውባቸው ያስቀምጡ፤ ለቦሎ ምርመራ ጥያቄ ቢነሳ ወይም መኪናውን የሚገዛ ሰው ቢጠይቅ ይፈለጋሉ።